የአያት ስም፦ ባዶ መተው አይቻልም

እ.ኤ.አ. በ1996 ጆን በርንሳይድ የሚባል ስኮትላንዳዊ የሶፍትዌር መሐንዲስ ሥራውን ለቆ በብዕሩ ለመኖር ወሰነ። ዕድሜው አርባ አካባቢ ነበር። ከዚያ ወዲያ ግጥም፣ ልብ ወለድና ግለ ታሪክ እየጻፈ፣ በሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ እያስተማረ ኖረ፤ ሜይ 29 ቀን 2024 በ69 ዓመቱ አረፈ። (እዚህ ያሉት ዓመታት፣ ለይቼ ካልነገርኳችሁ በቀር፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

የኔ ሙያ ሰዎች እንዲህ ያለ ታሪክ ነፍሳችን ነው። ቴሌግራም ላይ ከሚዞሩት ቀልዶች ግማሹ «ኮዱን ትቼ ገጠር ገብቼ ንብ ላንባ» የሚል ነው። አንዱ ጓደኛችን እውነትም ሥራ ለቆ ቡና መሸጥ ሲጀምር ሁላችንም ሄደን ጠጣንለት፣ ከዚያ ወደየላፕቶፓችን ተመለስን። እኔም ስለ በርንሳይድ መጀመሪያ ሳነብ ልቤን የመታው «ለቀቀ» የምትለዋ ቃል ነበረች። ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው፤ የተመረቅኩት በኢንጂነሪንግ ነው፤ አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ ውጪ ላለ ኩባንያ ኮድ እጽፋለሁ፤ ማንም ያላያቸው አስራ አንድ አጫጭር ልብ ወለዶች አሉኝ። ስለዚህ ቃሏን እንዴት እንዳነበብኳት መገመት አያቅታችሁም።

ግን የመጽሐፍ ዝርዝሩን አንድ በአንድ ሳየው ታሪኩ ሌላ ሆኖ አገኘሁት። የመጀመሪያ የግጥም መድበሉ «ዘ ሁፕ» የታተመው በ1988 ነው። «ኮመን ኖውሌጅ» በ1991፣ «ፊስት ዴይስ» በ1992፣ «ዘ ሚዝ ኦቭ ዘ ትዊን» በ1994፣ «ስዊሚንግ ኢን ዘ ፍለድ» በ1995 ተከተሉ። ቁጠሩልኝ። አምስት ናቸው። አምስት መጽሐፍ፣ በሰባት ዓመት ውስጥ፣ ሥራ ሳይለቅ! ሰውየው ጸሐፊ ለመሆን ብሎ ሥራ አልለቀቀም፤ ጸሐፊ ሆኖ ካበቃ በኋላ ነው የለቀቀው። ይህ ልዩነት ትንሽ ሊመስል ይችላል። እንደኔ የቤት ኪራይ ለሚከፍልና የእህቱን የኮሌጅ ክፍያ ለተሸከመ ሰው ግን ትንሽ አይደለም።

ደግሞ ለኛ ቤት አዲስ ነገር አይደለም። ሐዲስ አለማየሁ ዲፕሎማትም ባለሥልጣንም ነበሩ፤ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. የወጣው ከቢሮ ሰው እጅ ነው። በዓሉ ግርማ ጋዜጠኛና የማስታወቂያ ሚኒስቴር ሹም ነበር። አማርኛ ሥነ ጽሑፍ ባብዛኛው ከሥራ መልስ የተጻፈ ነው ብል የሚከራከረኝ ያለ አይመስለኝም። ሁሉን ጥሎ መጻፍ ብቻ የሚለው ሕልም ከየት እንደመጣብን እንጃ።

በርንሳይድ የተወለደው በ1955 ዳንፈርምሊን ውስጥ ነው። ያደገው ካውደንቢዝ በምትባል የከሰል ማዕድን ከተማ፣ ኋላም ቤተሰቡ ተነቅሎ በሄደባት የእንግሊዟ ኮርቢ ነው። ኮርቢ የብረት ፋብሪካ ከተማ ነበረች፤ ሥራ ፍለጋ የወረደው ስኮትላንዳዊ ከመብዛቱ የተነሳ «ትንሿ ስኮትላንድ» ይሏታል። ብረት ማቅለጡ በ1980 ሲቆም ሺዎች ሥራ አጥ ሆኑ። አባቱ እዚያ ፋብሪካ ውስጥ የሠራ ጠጪና አስፈሪ ሰው ነበር። እናቱ ካቶሊክ ነበረች፣ ገና በአርባዎቹ ዕድሜዋ ሞተች። ካምብሪጅ ነው የተማረው ሲባል ደግሞ ያ ሁላችንም የምናውቀው ዩኒቨርሲቲ አይምሰላችሁ፤ እዚያው ከተማ ያለ የኪነ ጥበብና የቴክኖሎጂ ኮሌጅ ነው፤ እንግሊዝኛና የአውሮፓ ቋንቋዎችን አጠና።

ከዚያ መጠጥ መጣ፣ ዕፅ መጣ፣ የአእምሮ ሕመም መጣ። ሆስፒታል ተኝቶ ታክሟል። ከዚያ ሲወጣ ያደረገውን «ዌኪንግ አፕ ኢን ቶይታውን» በሚለው የ2010 ግለ ታሪኩ ተርኮታል፤ እኔ እስከዛሬ ካነበብኩት ውሳኔ ሁሉ የሚገርመኝ ይሄኛው ነው። «ተራ ሰው ልሁን» አለ። ከለንደን ወጣ ብላ ወዳለችው ሰሪ ሄዶ፣ አጥር የተከረከመበት ሰፈር ገብቶ፣ ቢሮ እየዋለ፣ እንደ ጎረቤቶቹ ለመሆን ሞከረ። ኮምፒውተር የመጣው በዚህ ዘመን ነው። ለኔና ለእኩዮቼ ኮድ ማለት ከተራ ኑሮ ማምለጫ ነው፣ በዶላር መከፈል ነው፣ ከተቻለም ቪዛ ነው። ለሱ ወደ ተራ ኑሮ መግቢያ በር ነበር።

ሕመሙ ስም አለው፤ አፖፌንያ ይባላል። ቃሉን በ1958 የፈጠረው ክላውስ ኮንራድ የተባለ ጀርመናዊ የአእምሮ ሐኪም ነው። ፍቺው ምንም ግንኙነት በሌላቸው ነገሮች መካከል ግንኙነት ማየት ነው። በመንገድ ያለፈው መኪና ታርጋ፣ ሬዲዮ ላይ የሰማኸው ዘፈን፣ የጎረቤትህ ውሻ ሦስት ጊዜ መጮኹ፣ ሁሉም ተያይዘው ላንተ መልእክት ሲሆኑብህ ማለት ነው።

ይህንን ሳነብ ስልኬን አስቀመጥኩ። ለምን መሰላችሁ? የኔ ሥራ ግማሹ የዚህ ጤነኛ ወንድም ነው። ሰርቨሩ ማክሰኞ ማክሰኞ ይወድቃል። ለምን ማክሰኞ? ሎጉን ታያለህ፤ ማክሰኞ ሪፖርት ይወጣል፣ ማክሰኞ ባክአፕ አለ፣ ማክሰኞ አንዱ ባልደረባ ቢሮ ይገባል። የሰው አእምሮ ወዲያው ክር ይጎትታል። ጎበዝ ዴቨሎፐር ክሩን ስላየ አይደለም ጎበዝ የሚባለው፤ ክሩን ለመበጠስ ስለሚሞክር ነው። ባክአፑን አቁመህ ታያለህ፤ አሁንም ከወደቀ ባክአፑ አይደለም። ኮድ እንዲህ ያለ ምሕረት አለው፣ ስትሳሳት ይነግርሃል። ቀይ መስመር ይወጣል፣ ትተወዋለህ።

ግጥም ቀይ መስመር የለውም። ገጣሚም ሥራው ማያያዝ ነው፤ ጨለማን ከእናት ድምፅ፣ በረዶን ከሞተ ሰው ጋር ያያይዛል፣ ግን የሚነግረው የለም። የበርንሳይድ ግጥሞች የሚኖሩት ልክ እዚህ ድንበር ላይ ነው። ምሽት ሊሆን ሲል፣ ቤቱ ከሜዳው የሚለይበት ቦታ፣ ጭጋግ ውስጥ ያለፈ እንስሳ፣ ክፍሉ ውስጥ የነበረ የሚመስል ግን የሌለ ሰው። የሆነ ነገር ሊገለጥ ነው ትላላችሁ፣ አይገለጥም። መጀመሪያ ሳነበው ተናድጄ ነበር፤ «እሺ፣ ከዚያስ?» አልኩ። በሦስተኛው ንባብ ነው የገባኝ። ሰውየው ግንኙነቱን ያያል፣ ያሳየናል፣ ግን «እውነት ነው» ብሎ አይምልበትም። በወጣትነቱ ያሳመመውን ነገር ወስዶ፣ ገርቶ፣ ሥራ አስያዘው። ይህ ከኮምፒውተሩ የመጣ ልማድ ነው ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ተውኩት። እሱ ራሱ አፖፌንያ ይሆናል።

ልብ ወለዶቹ ደግሞ ሌላ ዓለም ናቸው፣ ይከብዳሉ። ሥራ በለቀቀ በዓመቱ በ1997 የወጣው «ዘ ደም ሃውስ» መነሻው የሙጋሉ ንጉሥ አክበር ነው። ንጉሡ ሕፃናት ያለ ንግግር ቢያድጉ በምን ቋንቋ ይናገራሉ ብሎ መናገር በማይችሉ ሞግዚቶች አሳደጋቸው ይባላል። የልብ ወለዱ ተራኪ ይህንን ሙከራ በራሱ መንታ ልጆች ላይ ይደግመዋል። ምድር ቤት ውስጥ ይዘጋባቸዋል፤ ልጆቹ ግን ለሱ የማይገባው ዜማ ፈጥረው እርስ በርስ ይዘፋፈናሉ። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አልነግራችሁም፤ ሆዳችሁ ጠንካራ ካልሆነ አታንብቡት። የሚያስፈራው ጭካኔው ብቻ አይደለም። ተራኪው የሚያወራበት ድምፅ ነው፤ እንደ ቴክኒክ ሰነድ የተስተካከለ፣ የተረጋጋ፣ ጨዋ። ሁሉም ነገር ለሱ ዳታ ነው። ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ሰዎች «ዩዘር» ተብለው በግራፍ ሲወጡና ሲወርዱ ሳይ ይህ ድምፅ አንዳንዴ ትዝ ይለኛል።

የ2008ቱ «ግሊስተር» የተዘጋ የኬሚካል ፋብሪካ ያለባት ከተማ ውስጥ ይካሄዳል። መሬቱ ተመርዟል፣ ሰዉ ይታመማል፣ ልጆች አንድ በአንድ ይጠፋሉ፤ የከተማዋ ፖሊስ የሚያውቀውን ደብቋል። በ2011 የወጣው «ኤ ሰመር ኦቭ ድራውኒንግ» ደግሞ በሰሜን ኖርዌይ ደሴት ላይ፣ ፀሐይ በማትጠልቅበት በጋ፣ ሠዓሊ እናቷ ዘንድ የምትኖር ልጅ የምትተርከው ነው። ወንድማማቾች ሰጥመው ይሞታሉ፤ ጀርባዋ ባዶ የሆነች ቆንጆ ሴት የምትገኝበት የአገሩ አፈ ታሪክ ከታሪኩ ሥር ይሄዳል። ሦስቱንም ያነበበ ሰው አንድ ነገር ይታየዋል። በርንሳይድን የሚያሳስበው ክፉ ሰው ማን ነው የሚለው አይደለም፤ ሁሉም እያወቀ ማንም የማይናገረው ነገር ቦታን ምን ያደርጋል የሚለው ነው።

ሽልማቱን ባጭሩ ልንገራችሁ። «ዘ አሳይለም ዳንስ» በ2000 የዊትብሬድን የግጥም ሽልማት ወሰደ። «ብላክ ካት ቦን» በ2011 የፎርዋርድን፣ ከዚያም የቲ ኤስ ኤልየትን ሽልማት አገኘ፤ ሁለቱን በአንድ መጽሐፍ ያገኙ ገጣሚዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የዚያ ዓመት የኤልየት ሽልማት ክርክርም ነበረበት። ስፖንሰሩ የፋይናንስ ኩባንያ ስለነበር አሊስ ኦስዋልድና ጆን ኪንሴላ የተባሉ ሁለት ዕጩ ገጣሚዎች ራሳቸውን አገለሉ። በርንሳይድ አልወጣም፤ አሸነፈ። እንደኔ በውጭ ገንዘብ ለሚኖር ሰው ይህች ዝርዝር አሰልቺ አይደለችም። ግጥም የሚበላው ገንዘብ ከየት ይምጣ ለሚለው ጥያቄ ንጹሕ መልስ እስከዛሬ አላገኘሁም፤ ንጹሕ ሆነው የወጡትንም፣ የቆየውንም አልወቅስም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። እኔ ይህንን ሁሉ የምጽፈው በአንድ መጽሐፍ ምክንያት ነው።

በ2006 የታተመው ግለ ታሪክ «ኤ ላይ አባውት ማይ ፋዘር» ይባላል፤ ስለ አባቴ የተነገረ ውሸት ማለት ነው። መነሻው አሜሪካ ውስጥ መንገድ ላይ የጫነው እንግዳ ወጣት ስለ አባቱ ሲጠይቀው እውነቱን ከመናገር አንድ ደህና አባት ፈጥሮ ማውራቱ ነው። ከዚያ እውነተኛው ታሪክ ይመጣል። አባትየው ስለ ትውልዱ ዕድሜውን ሙሉ ሲዋሽ የኖረ ሰው ነው። ዛሬ አንድ ታሪክ፣ ነገ ሌላ። በርንሳይድ እውነቱን ያወቀው አባቱ ከሞተ በኋላ ከዘመድ ነው፤ አባቱ በ1926 ፋይፍ ውስጥ ሰው ደጃፍ ላይ ተጥሎ የተገኘ ሕፃን ነበር። ማን እንደወለደው የሚያውቅ የለም። እጅ በእጅ እየተቀባበሉ አሳደጉት። ባዶዋን ቦታ በውሸት ሞላት፤ ውሸቱ አልበቃ ሲል በመጠጥ፤ መጠጡ አልበቃ ሲል በቤቱ ሰዎች ላይ። የሚገርመው፣ በርንሳይድ መጽሐፉ መግቢያ ላይ እንደ ልብ ወለድ አድርጋችሁ ብታነቡት ይሻላል ይላል። ስለ ውሸታም ሰው እውነት ለመጻፍ ሌላ ታማኝ መንገድ ያለ አይመስለኝም።

ይህንን መጽሐፍ ሳነብ ቀን ቀን የምሠራው ምን እንደነበር ልንገራችሁ። የምዝገባ ፎርም።

ስሙን የማልጠራው ደንበኛ ነበረን። መስፈርቱ ላይ ሦስት ሳጥን አለ፦ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። ሦስቱም ግዴታ። ከሁለት ፊደል ማነስ አይችልም። በሙከራው ሳምንት ፎርሙን ከሞሉት ሰዎች አንዷ የአያት ስም የሚለው ላይ ነጥብ አስገባች። አንዲት ነጥብ። ሲስተሙ መለሰባት። ሁለት ነጥብ አስገባች። በሁለተኛው ስብሰባ ላይ እንደተነገረን ልጅቷ ያደገችው በሕፃናት ማሳደጊያ ነው፤ የአባቷ ስም የተሰጣት ነው፣ አያት ግን የሰጣት የለም። እኔ ሳጥኑ ባዶ መሆን ይቻል አልኩ። የደንበኛው ተወካይ ሳቁ፤ «ያለ አያት የተወለደ ሰው አለ እንዴ?» አሉ። እውነታቸውን ነው፣ የለም። ሁለት ሳምንት ተከራከርን። መጨረሻ ላይ የተወሰነው «ለማያውቁ ሰዎች ‹አይታወቅም› ተብሎ ይሞላ» የሚል ነው። ተሞላ። ዛሬ ዳታቤዙ ውስጥ አቶ አይታወቅም የብዙ ሰው አያት ሆነዋል።

ፕሮግራመሮች ይህንን ይረዱኛል። ባዶ የተተወ ሳጥን አንድ ነገር ነው፣ «የለም» ሌላ ነው፣ «አይታወቅም» የሚል ጽሑፍ ደግሞ ሦስተኛ ነገር ነው። ባዶው «ገና አልተሞላም» ይላል፣ ቦታ ይጠብቃል። ጽሑፉ ግን ስም ሆኖ ይቀመጣል። መታወቂያ ላይ ይታተማል። ልጅ ይወርሰዋል። የበርንሳይድ አባት ያጣው ይህችን ባዶ የመተው መብት ነው መሰለኝ። ሰው ሁሉ «የማን ልጅ ነህ?» እያለ ሲጠይቀው አንድ ነገር ማስገባት ነበረበት፤ አስገባ።

እኛ ዘንድ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። አውሮፓዊ የቤተሰብ ስም ከየትም ይምጣ፣ አንዴ ከያዘህ ያንተ ነው። የኛ ስም ግን ዓረፍተ ነገር ነው። ስሜን በጠራሁ ቁጥር «የእገሌ ልጅ ነኝ፣ እሱም የእገሌ ልጅ ነው» እያልኩ ነው። በየቀኑ፣ በየፎርሙ እመሰክራለሁ።

እና ምስክርነቴ በደም ከሆነ ልክ አይደለም። ፓስፖርቴ ላይ በአያት ስም ቦታ የሰፈረው ሰው አባቴን አልወለደውም።

አባቴ ወሎ ነው የተወለደው፤ የት ቀበሌ እንደሆነ አያውቅም። በ1966 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ አምስት ዓመት ገደማ ይሆነዋል። ደሴ እንዴት እንደደረሰ የሚያስታውሰው አንድ አህያ ብቻ ነው፤ አህያ ላይ ነበር፣ ከዚያ አህያው የለም፣ ከዚያ ራሱ በእግሩ ይሄዳል። ከማን ጋር እንደነበር አያስታውስም። አንድ ልብስ ሰፊ ሱቁ ደጃፍ ላይ ተኝቶ አገኘው። አበላው፣ ሲንጀሩ ሥር አስተኛው፣ ጊዜው ሲደርስ ትምህርት ቤት አስገባው። መዝጋቢው «የአባት ስም?» ሲል ልብስ ሰፊው የራሱን ስም ሰጠ። ፎርሙ ተሞላ።

እኔ ይህንን የሰማሁት አሥራ ስድስት ዓመቴ ላይ፣ ከአክስቴ፣ እንጀራ እየጋገረች፣ እንደ ዋዛ ነው። ቤታችን ውስጥ ምስጢር አልነበረም፤ ግን አይወራም። በእነዚህ ሁለት ነገሮች መካከል ሰፊ ቦታ እንዳለ ታውቃላችሁ። እኔ ከአስራ አንዱ ልብ ወለዶቼ ሰባቱን የጻፍኩት እዚያ ቦታ ላይ ነው፤ ሰባቱም ውስጥ አህያ አለ። አንዱንም ለማንም ያላሳየሁት ስለዚህ ነው። በርንሳይድ የጻፈው አባቱ ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። የኔ አባት አለ፤ ኮምቦልቻ ቡና ይጠጣል፣ ፌስቡክ ይከፍታል። በሕይወት ያለን ሰው፣ ያውም አባትን፣ እንዴት ነው የሚጻፈው? «የቤት ገመና አደባባይ አወጣ» ይባላል። የሚባለው ደግሞ ያለ ምክንያት አይደለም። ታሪኩ የኔ ብቻ አይደለም፤ እንዲያውም በመጀመሪያ የኔ አይደለም።

ስለዚህ ደወልኩ። ስለ በርንሳይድ አባት ነገርኩት፤ ደጃፍ ላይ ስለተገኘው ሕፃን፣ ስለ ውሸቶቹ፣ ስለ ፋብሪካው። ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ፦

«ያሳደገው ሰው አልነበረም?» አለ።

«ብዙ ነበሩ፣ አባዬ። ከቤት ቤት ነው ያደገው።»

«እንግዲህ እሱ ነው» አለ። «ብዙ ሰው ማለት ማንም ማለት ነው። እኔን አንድ ሰው ነው ያሳደገኝ።»

ስለ እኛም ልጽፍ እንደምፈልግ ነገርኩት። ስልኩ ላይ የሱቅ ድምፅ፣ የባጃጅ ድምፅ ይሰማል። ቆይቶ፣ «ጻፍ» አለኝ። «ግን ‹አሳዳጊ› የሚል ቃል እንዳትጽፍ። ሰው የት ተወለድክ ብሎ ይጠይቃል እንጂ ማን አበላህ አይልም። አንተ እንደ ሰው እንዳትጠይቅ። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር፤ እንደሱ ብለህ ጻፍ።»

እሺ፣ አባዬ። አያቴ ልብስ ሰፊ ነበር።

ይህንን ዓረፍተ ነገር ከጻፍኩ በኋላ የበርንሳይድን መጽሐፍ እንደገና ከፈትኩት፤ ሌላ መጽሐፍ ሆነብኝ። መጀመሪያ ያነበብኩት እንደ ክስ ነበር፤ ልጅ አባቱን ይከሳል። አሁን ሳየው ልጁ ለአባቱ ያላገኘውን ሰው እየፈለገለት ነው። ያ ሕፃን ደጃፍ ላይ ሲገኝ ወጥቶ ስሙን የሚሰጠው አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ ይህ ሁሉ ውሸት ባላስፈለገ። መጽሐፉ በዘገየ ጊዜ የተከፈተ በር ነው። ለአባትየው አልደረሰም። ለኛ ደርሷል።

በርንሳይድ እስከ መጨረሻው ሠርቷል። በ2020 ልቡ ከድቶት ለሞት ቀርቦ ተረፈ። በ2021 «ኦሮክስ ኤንድ ኦክስ» የሚል የድርሰቶች መጽሐፍ አወጣ፤ ስለሚጠፉ ነገሮች ነው። ኦሮክስ የቤት ከብት ሁሉ የመጣበት የዱር በሬ ነው፣ የመጨረሻዋ በ1627 ፖላንድ ውስጥ ሞተች። ኦክ የተባለችው መብረር የማትችል ትልቅ የባሕር ወፍ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የተገደሉት በ1844 አይስላንድ አጠገብ ነው። ሞትን ቀርቦ ያየ ሰው ስለራሱ ሞት ብቻ አለመጻፉ፣ ከሱ በፊት ስለጠፋችው ወፍ መጻፉ ደስ ይለኛል። በ2023 ለዕድሜ ልክ ሥራው የዴቪድ ኮኸንን ሽልማት አገኘ። በ2024 ጸደይ «ሩይን፣ ብሎሰም» የሚለው መድበሉ ወጣ፤ ሳምንታት ሳይቆይ ሞተ።

ከሠላሳ በላይ መጽሐፍ ትቷል። ከየት እንጀምር ለምትሉኝ፣ ግጥም ከሆነ «ብላክ ካት ቦን»፣ ካልሆነ የአባቱን መጽሐፍ ያዙ። «ዘ ደም ሃውስ»ን ለብቻችሁ በሌሊት አትጀምሩት።

እኔስ ሥራ ልለቅ ነው? ብዙ ሰው ጠይቆኛል። ቡድናችን ዘንድሮ ከዘጠኝ ወደ አምስት ወርዷል፤ ከምንጽፈው ኮድ ግማሹን አሁን ማሽን ነው የሚጽፈው። ምናልባት እኔ ሳልለቀው እሱ ይለቀኝ ይሆናል። ስለዚህ ጥያቄውን ትቼ የሰውየውን ሒሳብ ያዝኩ፤ ሰባት ዓመት፣ አምስት መጽሐፍ፣ ከሥራ ሰዓት ውጪ። ለኔ አንድ ይበቃኛል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት እነሳለሁ፣ እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት እጽፋለሁ፣ ከዚያ ቡና፣ ከዚያ ስታንድአፕ። ሰባቱን ታሪኮች አንድ በአንድ እያወጣሁ ነው። አህያውን ከስድስቱ አውጥቼዋለሁ፤ በአንዱ ይበቃል። በቦታው ሲንጀር ገብቷል። እግሩ የሚረገጥ፣ ጥቁር፣ የወርቅ ቀለም ጽሑፉ የለቀቀ ሲንጀር፤ ሥሩ አንድ ልጅ የተኛበት።